ለእሸቴ ቤት የሚሆነው አንቴና

ሶልያና ሦስቱን ካርቶኖች ከአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አንስታ ስትወጣ፣ ሥራው ያን ያህል ያንከራትተኛል ብላ አላሰበችም።

አለቃዋ ጅብሪል፣ ጅቡቲ ከተማ ቡላኦስ ከሚባለው ገበያ አጠገብ፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ያለ ሽቦ ኢንተርኔት ለየቤቱ የሚያስገባ ትንሽ ድርጅት ከፍቶ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በኪሱ ይዞ የሚዞርበት ጊዜ ገና አልመጣም። ሲግናሉን የሚረጨው ማማ ፕላቶ በሚባለው ከፍ ያለ ሰፈር ላይ ተተክሎ ሥራ ጀምሯል። የቀረው በየደንበኛው ቤት የሚገባው ዕቃ ነው። ሠራተኞቹ «መቀበያ» ይሉታል። ከማማው የሚመጣውን ይቀበላል፣ ከቤት የሚወጣውን ደግሞ መልሶ ወደ ማማው ይልካል። ጅብሪል ከውጭ በብዛት ከማዘዙ በፊት ሦስት ዓይነት ለናሙና አስመጥቶ ነበር።

አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ቀጭን መጽሐፍ ታክላለች፤ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ሶኬት ላይ ከሰኳት አለቀ። ሁለተኛው ጣሪያ ላይ ከፍ ብሎ የሚቆም፣ ከየአቅጣጫው የሚሰማ ረጅም ዘንግ ነው። ሦስተኛው የሻይ ትሪ የሚያህል ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ ከደጅ ብረት ላይ ይታሰርና ፊቱን ወደ ማማው ብቻ ያዞራል።

«የኔ ልብ ከነጯ ጋር ነው» አለ ጅብሪል። «ደንበኛው ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ሰክቶ፣ ራሱ ይጠቀማል። መሰላል የለ፣ መሰርሰሪያ የለ፣ በዚህ ፀሐይ ጣሪያ ላይ የሚጠበስ ሰው የለ። ግን ልቤን ብቻ አምኜ አላዝም። ሦስት ቤት መርጫለሁ፤ ሞክሪና እሑድ ጠዋት ንገሪኝ።»

«ሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑስ አቶ ጅብሪል?»

«ያኔ ነጯ አሸነፈች።»

ሶልያና ጅቡቲ ተወልዳ ጅቡቲ ያደገች፣ ሃያዎቹን ያጋመሰች ልጅ ናት። ትምህርቷን በፈረንሳይኛ ተምራ፣ ቤቷ አማርኛ አውርታ፣ ሰፈር ውስጥ ሶማልኛ ተጫውታ ነው ያደገችው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ለምን እንደሚሠራ ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ይብስባታል።

ሁለቱ ቤቶች አላስቸገሯትም። ቡላኦስ ያለው ጨርቅ መደብር ውስጥ ኢንተርኔቱ በሦስቱም ዕቃዎች እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ወደቡ አጠገብ ያለ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ውስጥም ነጯ መስኮት አጠገብ ስትሆን በቂ ሆነች። ሦስተኛው ቤት ባሕሩ ዳር፣ ጋቦዴ ሰፈር ነበር፤ እሸቴ የሚባል ልብስ ሰፊ ከእናቱ ከውብነሽ ጋር የሚኖርበት ቤት።

ወይዘሮ ውብነሽ በሩን የከፈቱላት በፈገግታ ነው። ቤተሰባቸው በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥቶ ጅቡቲ የቀረ ነው፤ ባላቸው ካለፉ በኋላ ከልጃቸው ጋር ቀርተዋል። ሳሎኑ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ልብስ ስፌት ነበር። መስኮቱ ወደ ባሕሩ ይከፈታል፤ ከውሃው ማዶ ፕላቶ ላይ ያለው ማማ እንደ መርፌ ቆሞ ይታያል።

«ደህና ዋሉ እማማ ውብነሽ። ከኢንተርኔቱ ነው የመጣሁት።»

«ግቢ የኔ ልጅ። ልጄ ስትመጪ አይሰማሽም፤ ጆሮው አይሰማም። ፊት ለፊቱ ቁሚና አናግሪው፤ ከንፈርሽን ያነባል። ከከበደው እኔ አለሁ።»

እሸቴ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሰፋ ያለ ግንባር ያለው ሰው ነው። ካርቶኖቹን ሲያይ ዓይኑ በራ። እጆቹን አነሣና ፈጠን ፈጠን አድርጎ ተናገረ። እናቱ ሳቁ።

«ምን አለ?» አለች ሶልያና።

«‹ስልክ ከተፈጠረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ለኔ ግን ገና ዛሬ ነው የሚገባልኝ› ነው የሚለው።»

ሶልያና ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። እሸቴ ኢንተርኔት የፈለገው ለጋዜጣም ለፊልምም አልነበረም። የዛሬ ሁለት ዓመት ለዘመድ ሠርግ ድሬዳዋ ሄዶ ቀጸላ የምትባል ልጅ አይቷል። እሷም አትሰማም። ፎቶ ቤት ውስጥ በኮምፒዩተር ፎቶ ታስተካክላለች። በሠርጉ ማግስት ሰው ሁሉ ሲበታተን እነሱ አንድ ጥግ ተቀምጠው እስከ ማታ በእጃቸው ሲያወሩ ዋሉ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው የሞባይል መልእክት ብቻ ነው። አሁን ግን የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ በምሳ ሰዓት ከኮምፒዩተሩ ካሜራ ፊት ተቀምጣ እሸቴን እንድታነጋግርበት ፈቅዶላታል። ለእነሱ ምስል ማለት ድምፅ ነው፤ ምስሉ ከቆመ ቃሉ መሃል ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነጯን ሰካችና ወደ ኋላ ቆመች። የቀጸላ ፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ጠይም፣ ሳቂታ፣ በግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ያላት። እሸቴ እንደ ሕፃን ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። እጆቹ ሮጡ፣ እጆቿ ሮጡ። ሶልያና አንድም ቃል ሳይገባት ፈገግ ብላ ቀረች። «ነጯ አሸነፈች» ብላ ለጅብሪል ልትደውል ሁሉ አስባ ነበር።

ግን ላፕቶፗን እዚያው ትታ፣ የሲግናሉን ከፍታና ዝቅታ መሥመር እየሣለ እንዲያድር አደረገችው። በነጋታው መሥመሩን ስታየው አንድ ቦታ ላይ ገደል ገብቶ ነበር። ጠዋት ላይ ለተወሰነ ጊዜ ሲግናሉ ዝም ብሎ ሰምጦ፣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ተነሥቷል። በማግሥቱም ሰመጠ።

«ሙቀቱ ነው» አለች ለራሷ። ግንቦት ነበር፤ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሎ ይውላል። ነጯን ማራገቢያ ፊት አቆመቻት። ሲግናሉ እንደገና ሰመጠ። ቀጥሎ መብራቱን ጠረጠረች፤ የጎረቤት ማቀዝቀዣ ሲነሣ ኤሌክትሪኩ ይደክም ይሆናል ብላ ዕቃውን በባትሪ አስነሣችው። ሰመጠ። ከወደቡ የሚወጡትን መርከቦች ተመለከተች፤ በማማውና በቤቱ መሃል የሚያልፍ ግን አልነበረም።

ከዚያ የከፋው ቀን መጣ። ሲግናሉ የሚሰምጥበት ሰዓት ወደ ቀትር ተጠግቶ ኖሮ፣ እሸቴና ቀጸላ ጨዋታው ላይ ሳሉ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። ቀጸላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ፊቷ ሳቅ አልነበረበትም። እሸቴ ትንፋሹን ስቦ መለሰላት። መልሱ መሃል ላይ ሳለ ሁሉ ነገር ደረቀ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ሶልያና ቁልፎቹን እየነካካች ልታስነሣው ሞከረች። አልተነሣም። እሸቴ ስክሪኑን አፍጥጦ ቀረ።

«ምን ጠየቀችው?» አለች ቀስ ብላ።

ወይዘሮ ውብነሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ነበር። «‹እስከ መቼ እንዲህ በመስታወት እንተያያለን?› አለችው። እሱ ደግሞ ‹ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም፣ ነዪልኝ› ነው ያላት።»

«እሱማ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«እሷ ጋ ምን እንደ ደረሰ ማን ያውቃል?»

ወዲያው ታወቀ። እሸቴ በሞባይል የጻፈላት መልእክት አጭር መልስ ይዞ ተመለሰ፦ «እጅህን አይቻለሁ።» በቀጸላ ስክሪን ላይ ደርቆ የቀረው የእሸቴ እጅ «አልችልም» የሚለው ነበር። ከፊቱም ከኋላውም ያለው ቃል አልደረሳትም። እሸቴ ደጋግሞ ጻፈላት፤ እሷ ግን ዝም አለች።

«በጽሑፍ ለምን አያስረዳትም?» አለች ሶልያና።

እናቱ ጥያቄዋን በእጃቸው አስተላለፉለት። እሸቴ መልሱን ሲሰጥ ወደ ሶልያና እያየ ነበር፤ እናቱ ተከትለው ተረጎሙ። «‹አንቺ ሰው ፊት ለፊት የነገረሽን ቃል በኋላ በወረቀት ሲያስተባብልልሽ ታምኚያለሽ? እሷ ያየችው እጄን ነው። ማየት ያለባትም እጄን ነው።›»

ሶልያና ነጯን ከሶኬቱ ነቀለቻት። ዕቃውን ያመጣችው እሷ ናት። ናሙና ነበር፤ ሙከራ ነበር። ግን ሙከራው የወደቀው በሰው ሕይወት መሃል ነው።

ወይዘሮ ውብነሽ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ድሬዳዋ ላሉት ለቀጸላ አክስት ስልክ ደወሉ። ብዙ ተማጸኑ፣ ትንሽም ተቆጡ። በመጨረሻ ስልኩን ዘግተው «ቅዳሜ ምሳ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ካሜራው ፊት ትቀመጣለች» አሉ። «እንደ ገና ከተቆረጠ በቃኝ ብላለች።»

በቀሩት ቀናት ሶልያና ከጋቦዴ አልጠፋችም። ነጯን አንሥታ ረጅሙን ዘንግ ጣሪያው ላይ አቆመች። የሙያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር፣ አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር የተሻለ ነው የሚለው ነው። ዘንጉ ከነጯ ይልቅ ኃይለኛ ሆነ፤ ሲሰምጥ ግን ይበልጥ ሰመጠ። ያን ጊዜ ነው ጣሪያው ላይ ተቀምጣ መሥመሮቹን ጎን ለጎን አድርጋ ያየቻቸው። ገደሉ በአንድ ሰዓት ላይ አይደለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል፦ ጠዋት የነበረው ወደ ረፋድ፣ ከረፋድ ወደ ቀትር።

«ሙቀት አይሸሽም» አለች ጮክ ብላ። «መብራትም አይሸሽም። በየቀኑ እየዘገየ የሚመጣ ምንድን ነው?»

ቀና አለች። ከጣሪያው በታች ባሕሩ ሸሽቶ፣ ጭቃው እስከ ሩቅ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዛጎል ይለቅማሉ፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ጭቃውን ይወጋሉ። ላፕቶፑ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው። እንዳትሳሳት ፈርታ ከቦታዋ ሳትነሣ ጠበቀች። ቆይቶ ውሃው በቀጫጭን ቦዮች መመለስ ጀመረ። ሴቶቹ ወጡ፣ ወፎቹ በረሩ፣ ጭቃው ተሸፈነ። ባሕሩ በዳርቻው እስካለው ግንብ ድረስ ሲሞላ ፀሐይዋ ውሃው ላይ አረፈችና ዓይኗን ወጋት። መሥመሩ ቁልቁል ሄደ።

ከጣሪያው እየሮጠች ወረደች።

«እማማ ውብነሽ! ውሃው ነው! ባሕሩ ሲሞላ ነው የሚጠፋው!»

«ባሕሩ ምን አደረገ ደግሞ?» አሉ ወይዘሮዋ፣ ልጃቸው እንዲያይ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ።

ሶልያና ለማስረዳት ሞከረች። ሲግናሉ ከማማው ቀጥ ብሎ ይመጣል። ባሕሩ ሲሞላ ግን መስታወት ይሆንና፣ ያንኑ ሲግናል አንጥሮ ሁለተኛ ቅጂ ይልካል። ሁለተኛው በውሃው ዞሮ ስለሚመጣ ጥቂት ይዘገያል። ሁለቱ አንቴናው ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋል።

ወይዘሮ ውብነሽ መሃል ላይ እጃቸው ቆመ። «ይሄስ ለኔም አልገባኝ። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ከተነገረ ይበልጥ ይሰማል እንጂ።»

እሸቴ ግን እንደ ገባው ራሱን ነቀነቀ። እናቱን ከወንበራቸው አስነሥቶ አጠገቡ አቆማቸው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ ጠየቃቸው። እሳቸው በእጃቸው ሲናገሩ፣ እሱም ያንኑ ከእሳቸው እጅ ፊት፣ ጥቂት ዘግይቶ ይናገር ጀመር። አራት እጅ በአንድ ቦታ ተተራመሰ። ከዚያ ወደ ሶልያና ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ፦ እንዲህ ነው?

ሶልያና ሳቀች። «አዎ! ልክ እንደዚህ ነው!»

«እንዲህማ ከሆነ እኔም ገባኝ» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ። «ታዲያ ባሕሩን ምን እናደርገዋለን? አይደፈን ነገር።»

ሶልያና ቦታውን እንደገና ልታይ ተነሣች። ሦስቱም ጣሪያ ላይ ወጡ። ውሃው አሁንም ሙሉ ነበርና ነጸብራቁ ዓይን ያጭበረብራል። ወይዘሮ ውብነሽ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ። እሸቴ ማማውን ፈልጎ ለማየት ሲሞክር መዳፉን አነሣ። እንደ ሰው ሁሉ ከግንባሩ በላይ አላደረገውም፤ ከዓይኑ ሥር፣ አፍንጫው ላይ አግድሞ ያዘው። ከታች የሚመጣው የውሃው ብርሃን ተከለለ።

ሶልያና አይታው ቀረች። ከዚያ እሷም መዳፏን ከዓይኗ ሥር አደረገች። ማማው ጥርት ብሎ ታየ፤ ባሕሩ የለም።

የጣሪያው ዙሪያ ወገብ የሚደርስ የግንብ አጥር ነበረው። ከአጥሩ አጠገብ ቆመው ሲያዩ ማማውም ውሃውም ይታያል። ወደ ኋላ፣ ወደ ውሃ ታንከሩ አፈግፍገው ጎንበስ ሲሉ ግን አጥሩ ውሃውን ይሸፍነዋል፤ የማማው ጫፍ ብቻ ከበላዩ ይቀራል። አንቴናው ከፍ ማለት አልነበረበትም። ዝቅ ማለት፣ ወደ ኋላ መመለስና አጥሩን እንደ መዳፍ መጠቀም ነበረበት።

ነጯ እዚያ አትወጣም፤ የቤት ውስጥ ዕቃ ናት፣ ፀሐይና ጨው አትችልም። ዘንጉ ከየአቅጣጫው ስለሚሰማ ከኋላው ግድግዳ፣ ከታንከሩ ብረት ነጥሮ የሚመጣውን ሁሉ ይሰበስባል። ጠፍጣፋው ሰሌዳ ግን ወዳዞሩት አቅጣጫ ብቻ ያያል።

እሸቴ ብረቱን ያዘላት፣ እሷ ቦሎኖቹን አጠበቀች። ሰሌዳውን ከታንከሩ ሥር፣ ከጉልበት እምብዛም በማይበልጥ ከፍታ ላይ አሠሩት። ያየ ሰው ሥራቸውን ሳይጨርሱ ትተውት የሄዱ ይመስለዋል። ሲግናሉ ከዘንጉ ጥቂት ያንሳል። ሶልያና በዚህ ልቧ ቢፈራም አልነካካችውም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ባሕሩ እስከ ዳርቻው ግንብ ሞልቶ ነበር። ሶልያና ሰዓቱን አስልታ ስለነበር ይህን አስቀድማ ታውቃለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። እሸቴ ከሌሎች ሸሚዞቹ ሁሉ ጠቆር ያለውን መርጦ ለብሷል፤ እጁ ደምቆ እንዲታይ ነው። ወይዘሮ ውብነሽ ሦስት ጊዜ ተነሥተው ሦስት ጊዜ ተቀመጡ።

የቀጸላ ፊት መጣ። ጉንጯ ላይ ያለው ስርጉድ አልታየም፤ አልሳቀችም። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች።

እሸቴ ቀስ ብሎ ጀመረ። ሶልያና ላፕቶፗ ላይ ያለውን መሥመር እያየች ነበር፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልወደቀም። ዓይኗን ከመሥመሩ ነቅላ ወደ ሰዎቹ አዞረች። እሸቴ «አልችልም» የሚለውን ምልክት ሠራ። ሶልያና አሁን ታውቀዋለች። እዚያው ላይ እጁን ሆን ብሎ አቆመ፤ ያን ቀን ስክሪኑ ላይ እንደ ደረቀው አድርጎ ደረቀ። ከዚያ ጣቱን አነሣና «ቆይ፣ አላለቀም» አላት። የቀረውን ቀጠለ።

ቀጸላ አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ እጆቿን ከደረቷ ፈታቻቸው።

«ምን አለችው?» አለች ሶልያና በሹክሹክታ፣ የማይሰሙ ሰዎች መሃል መሆኗን ረስታ።

ወይዘሮ ውብነሽ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። «‹ሙሉውን ለመናገር ይህን ያህል ቀን ፈጀብህ?› አለችው።» ከዚያ ስክሪኑን አይተው በድንገት ፊታቸውን አዞሩ። «ይሄኛውን አልተረጉምም። ነዪ፣ ወደ ጓዳ እንሂድ።»

እሑድ ጠዋት ሶልያና ለጅብሪል ሁሉንም አጫወተችው። እሱ መጀመሪያ ስለ መሰላልና ስለ መሰርሰሪያ አጉረመረመ። ቀጥሎ «ዝቅ አድርገሽ ነው ያልሽው?» ብሎ ጠየቀ፤ ትንሽ ቆይቶም ያንኑ ደገመ። በመጨረሻ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ «አሳዪኝ» አለ። በዚያ ፀሐይ ጋቦዴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ መዳፉን ከዓይኑ ሥር አድርጎ ወደ ፕላቶ ሲያይ ረጅም ጊዜ ቆየ። ያዘዘው ዕቃ ሁለት ዓይነት ሆነ፦ ማማው ሥር ላሉ ሰፈሮች ነጯ፣ ከውሃው ማዶ ላሉት ሁሉ ሰሌዳው። ዘንጉ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ከዚያም በኋላ አንድ ቤት ተሞክሯል የሚባለው ባሕሩ ሲጎድልም ሲሞላም ከታየ ብቻ ሆነ፤ ምስል ሲቀበል ብቻ ሳይሆን ሲልክም።

ቀጸላ በመስከረም በአውቶቡስ ልትመጣ ቀን ተቆረጠ። እስከዚያው ግን ምሳ ሰዓት ላይ ይገናኛሉ። አንድ ቀን ሶልያና በመንገዷ ብቅ ስትል ሁለቱን የጦፈ ክርክር ላይ አገኘቻቸው። እሸቴ አንድ መዳፉን ዘርግቶ በሌላው ላይ ያጋድማል፤ ቀጸላ ራሷን እየነቀነቀች ጣቶቿን እንደ ወፍ ምንቃር ገጥማ ትከፍታለች።

«በምን ተጣልተው ነው?» አለች ሶልያና ደንግጣ።

«ምንም አልተጣሉም» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ። «ያንቺ ሰሌዳ በምልክት ስም የለውም። እሱ ‹ትሪ› ይሁን ይላል፣ እሷ ደግሞ ‹ከሩቅ የምትለቅም ወፍ› ትላለች። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሶልያና ወንበር ስባ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። ጣቶቿን ገጠመች፣ ከፈተች፣ እንደ ገና ገጠመች። ቀጸላ እየሳቀች አውራ ጣቷን እንድታስተካክል አሳየቻት።